አዋሽን ከጸጥታ ላዳነው ጀግና

ባለፈው ቅዳሜ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከፏፏቴው ተነሥቶ ወንዙን ይዞ በግራሩ መካከል ዞሮ በሚመለሰው የእግር መንገድ ላይ፣ ለአገር የሚተርፍ ሥራ ሲሠራ አየሁ። መንገዱ ቀላል ነው፤ ሕፃንም አዛውንትም ይሄደዋል። ጉድለቱ ጸጥ ማለቱ ብቻ ነበር። ፓርኩ በ1950ዎቹ መጨረሻ ለዱር እንስሳት ሲከለል ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም። ጉድለቱን ለማረም ከአዲስ አበባ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የመጣውን ወጣት ሳናመሰግን ብንቀር ውለታ ቢስ እንባላለን።

ታውቁታላችሁ። ከየቅዳሜና እሑዱ የእግር ጉዞ ቡድን ውስጥ አንድ አይጠፋም። ጀርባው ላይ «ተፈጥሮን እንውደድ» የሚል ቲሸርት፣ ደረቱ ላይ የሕፃን ልጅ ቁመት ያለው ድምፅ ማጉያ። ውሃ አልያዘም፣ ባርኔጣ አላደረገም፤ ትርፍ ባትሪ ግን አልረሳም።

በዚህ ፓርክ ከ450 በላይ የወፍ ዓይነት ተመዝግቧል። ሁሉም ያለ ከበሮ፣ ያለ ማሲንቆ፣ በባዶ ጉሮሯቸው ሲንጫጩ የኖሩ ምስኪኖች ናቸው። ደረሰላቸው። የመጀመሪያው ዘፈን ሲለቀቅ ንብ በሎቹ ከወንዙ ዳር ግር ብለው ተነሡ፤ ለዘመዶቻቸው የምሥራች ሊነግሩ መሆን አለበት። አፉን ከፍቶ ፀሐይ ይሞቅ የነበረ አዞ ውሃው ውስጥ ሰመጠ፤ ዘፈኑን ከሥር ሆኖ ለማጣጣም ነው። ኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ የሚግጡት ሳላዎችም ከዚያ ርቀት ሳይደርሳቸው አልቀረም።

ፏፏቴው ዘንድ ስንደርስ ግን ችግር ገጠመው። ፏፏቴው ይጮኻል፤ ዘፈኑን ይረብሻል። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ይቆርጥ ነበር። እርሱ ድምፁን ጨመረ። ጠመንጃ ያነገቡት አዛውንት ስካውት ቀረብ ብለው አንድ ነገር አሉት። ያሉትን አልሰማም፤ እኛም አልሰማንም። «ጋሼ፣ ጮክ ብለው ይናገሩ፤ ሙዚቃ አለ!» አላቸው፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሙሉ ትሕትና። ደገሙለት። ጆሮውን አስጠጋ። በመጨረሻ በጣታቸው ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠቁሙ ገባው፤ ዘፈኑን አልወደዱትም ማለት ነው። ቀየረላቸው።

ከዚያ ስልኩ ጠራ። ስልኩም በዚያው ድምፅ ማጉያ ስለሚያልፍ የእናቱን ጤና፣ የአጎቱን የመኪና ሽያጭና የአንዲት ልጅ ኩርፊያ አብረን ተከታተልን። «ጫካ ውስጥ ነኝ! ጸጥታው ብቻውን መድኃኒት ነው!» ይላል፣ ደም ሥሩ ተገትሮ። ዝንጀሮዎቹ ግጦሻቸውን ትተው አዩት። ተራ ዝንጀሮዎች እንዳይመስሏችሁ፤ ነጩ ዝንጀሮና ሌላው ዝንጀሮ አዋሽ ዳር ተገናኝተው ስለሚዳቀሉ ተመራማሪዎች ከባሕር ማዶ እየመጡ ለዓመታት በትዕግሥት አጥንተዋቸዋል። ጀግናችን ያን ሁሉ ትዕግሥት በአንድ እሽግ ብስኩት አሳጠረው። ወረወረ፤ መጡ፤ ፎቶ ተነሣ።

የፕላስቲክ ጠርሙሱንም ሳላነሣ አላልፍም። አዲስ አበባ ላይ አቃቂ ወንዝ ውስጥ የተጣለ ጠርሙስ እዚህ ለመድረስ ብዙ መከራ አለበት፤ የአባ ሳሙኤል ግድብ አለ፣ የቆቃ ግድብ አለ፤ መንገድ ላይ ሊቀርም ይችላል። የጉዞ ቡድኖቻችን ይህን ሁሉ እንግልት አስቀርተው በአውቶቡስ ያደርሱታል።

ቀልዱ ይቆየን። አዋሽ ባሕር አይገባም። ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ አፋር በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል፤ የጣልንበት ሁሉ እዚሁ ይቀራል። የከረዩና የአፋር አርብቶ አደር ከብቱን የሚያጠጣው ይህንኑ ውሃ ነው። ብስኩት የለመደ ዝንጀሮ ነገ የሕፃን እጅ ይቧጭራል፣ ከነገ ወዲያ በድንጋይ ተወግሮ ይሞታል፤ ብስኩቱን የሰጠው ሰው ያን ጊዜ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ፎቶውን ስንት ሰው እንደወደደለት ይቆጥራል። ይህ መዝናናት አይደለም፤ ጥጋብ ነው።

ወደ ምስጋናው ልመለስ። አስተባባሪው ቀጣዩን ጉዞ አውቶቡሱ ደጃፍ ላይ ቆሞ አውጇል፤ ሰንቀሌ ነው፣ ቆርኬ የሚባሉት ቀንዳም የዱር እንስሳት መጠለያ። የስዌይን ቆርኬ ዛሬ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም፤ ይህን ያህል ዘመን ነፋስና ሣር ብቻ እየሰማ መኖሩን ስታስቡት አያሳዝንም? ምዝገባው ተጀምሯል። ምሳውና ቲሸርቱ በዋጋው ውስጥ ነው፤ ድምፅ ማጉያው በነጻ።