ስሙ ያልተነገረው ደግ

በትውልድ ሰፈሩ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም በስውር ስለሚገዛው ነጋዴ የጻፋችሁት ደስ ይላል። ፎቶውን አለማውጣታችሁ ደግሞ ይበልጥ። እኛ ሰፈርም ፋሲካ ሲደርስ አንድ ሰው የሱቁን ዱቤ ይዘጋል። ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ሁሉም በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ ይገኛል። «ማነው የከፈለው?» ሲሉት ባለሱቁ «ተከፍሏል አልኩ እኮ እማማ» ብሎ ዝም።

በይፋ አይሰጥ ማለቴ አይደለም። በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች ለአገራቸው መንገድ ያዋጡት በማኅበር ተሰባስበው ነው። መቼም መንገድ በስውር አይሠራም! የተቸገረን ሰው ግን ባነር ፊት አቁሞ፣ አምስት ሊትር ዘይት አስጨብጦ ፎቶ ማንሳት ምን ይሉታል? ልጁ እኮ ፌስቡክ ላይ ያየዋል።