ሮቦት ደጅ መጥናት

የግል ድረ ገጽ ያለውን ሰው ከሌላው ለይቶ ማወቅ ቀላል ነው። ስለ ጻፈው ነገር ብትጠይቁት ባጭሩ ይመልስላችኋል። ስንት ሰው እንደጎበኘው ብትጠይቁት ግን ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ባለፈው ሳምንት ስንት ነበር፣ በዚህ ሳምንት ለምን ቀነሰ፣ ጎብኚው ከየት መጣ፣ ስንት ሰከንድ ቆየ፣ በስልክ ገባ ወይስ በኮምፒውተር፣ የትኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ተስፋ ቆርጦ ወጣ፤ ሁሉንም ያውቃል። የማያውቀው ነገር ቢኖር ጽሑፉ ጎብኚውን ጠቅሞት እንደሆነ ብቻ ነው። ለዚያ የሚሆን ግራፍ እስካሁን አልተሠራም።

ባለ ድረ ገጹ ድሮ እንዲህ አልነበረም። ያሁ በ1994 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ) ሲጀመር፣ ጄሪ ያንግና ዴቪድ ፋይሎ የተባሉ ሁለት ተማሪዎች የወደዷቸውን ገጾች በየፈርጁ የዘረዘሩበት ማውጫ ነበር። ሰው ያየውን ሰው መዘገበው ማለት ነው። በ1999 ብሎገር፣ በ2003 ዎርድፕሬስ መጡና ኮድ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሁሉ ሐሳቡን ጽፎ፣ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ለዓለም የሚያደርስበት ዘመን ሆነ። የጦማሪው ጭንቀት «ዛሬ ምን ልጻፍ?» የሚል ብቻ ነበር። እንዴት ያለ የተባረከ ጭንቀት!

ገጾቹ ሲበዙ ግን ሰው ቆጥሮ የማይዘልቃቸው ሆኑና ሥራው ለማሽን ተሰጠ። በ1995 ብቅ ያለውን አልታቪስታን የመሰሉት ቀደምት የፍለጋ ሞተሮች የትኛው ገጽ በውጤት ዝርዝር እንደሚቀድም ለመወሰን በገጹ ላይ የሰፈረውን ቃል ይመለከቱ ነበር። ባለ ድረ ገጹ ይህን እንደሰማ ምን አደረገ? የሚፈልገውን ቃል መቶ ጊዜ ደጋግሞ በነጭ መደብ ላይ በነጭ ቀለም ጻፈው። ሰው አያየውም፤ ሮቦት፣ ማለትም ገጾችን እየዞረ የሚያነበው የፍለጋ ሞተሩ ፕሮግራም፣ ያነበዋል። ለማይታይ አንባቢ የማይታይ ጽሑፍ መጻፍ የተጀመረው እንግዲህ ያን ጊዜ ነው።

ከገጹ ጀርባ፣ በኮዱ ውስጥ፣ ቁልፍ ቃላት የሚዘረዘሩበት መስመርም ነበር። እዚያ ላይ ስለ ብስክሌት ጥገና የሚጽፈው ሰው የዝነኛ ዘፋኞችን ስም ሁሉ ይደረድር ጀመር። ጎግል በ2009 ይህን መስመር ለደረጃ አሰጣጥ ከቶም እንደማይመለከተው በይፋ ተናገረ። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አለፈ፤ መስመሩን ግን ዛሬም በትጋት የሚሞሉ አሉ። አሞላሉን በክፍያ የሚያስተምሩም አሉ።

ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በ1998 ጎግልን ሲያቋቁሙ ይዘውት የመጡት ሐሳብ ከቃል ቆጠራ የተሻለ ነበር። አንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ የሚወስድ ሊንክ ሲያስቀምጥ ድምፅ እንደሰጠ ይቆጠራል፤ ራሱ ብዙ ድምፅ ያገኘ ገጽ የሚሰጠው ድምፅ ደግሞ ከተራው ይከብዳል። ግሩም ሐሳብ ነው፤ ስቀልድ አይደለም። ችግሩ ድምፅ ዋጋ እንዳለው የተረዳ የሰው ልጅ ድምፅ ወደ መግዛት መሄዱ ነው። «አገናኘኝ፣ ላገናኝህ» የሚል ወዳጅነት ተፈለሰፈ። ሊንክ ከመደርደር ሌላ አንድም ዐረፍተ ነገር የሌላቸው ገጾች እንደ አሸን ፈሉ። አንዱ የሌላውን ሳያነብ ሁሉም ሁሉን ይመሰክርለት ጀመር።

በኤፕሪል 2012 ጎግል ፔንግዊን የሚል የዋህ ስም ያለው ማሻሻያ ለቀቀና በተገዛ ሊንክ የወጡትን አወረዳቸው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ደግሞ «እነዚህን ሊንኮች አላውቃቸውም» ብሎ መካድ የሚቻልበት መሣሪያ አቀረበ። ያኔ የነበረውን ትርምስ አስቡት። ትናንት ገንዘብ ከፍሎ ሊንክ ያስተከለው ሰው፣ ዛሬ የሸጡለትን ሰዎች እየዞረ «እባካችሁ ንቀሉልኝ» ይላል። ከሻጮቹ አንዳንዶቹም፣ ሥራ ሥራ ነውና፣ ለመንቀያው ሌላ ክፍያ ጠየቁ። ገበያ ማለት ይህ ነው፤ በሽታውንም መድኃኒቱንም ከአንድ መደብር።

ነጥብ የመውደዳችን ነገር ደግሞ አለ። ጎግል ከ2000 ጀምሮ የገጾችን ክብደት ከ0 እስከ 10 በሚደርስ ነጥብ፣ በአሳሹ አናት ላይ በአረንጓዴ መስመር ያሳይ ነበር። ባለ ድረ ገጾች ሲገናኙ «ደህና ነህ?» ከማለታቸው በፊት «ስንት ነህ?» ይባባሉ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2016 ነጥቡ ከአደባባይ ተነሳ። ተገላገልን ስንል የግል ኩባንያዎች የየራሳቸውን ነጥብ፣ ያውም እስከ 100 የሚደርስ፣ ይዘው ቀረቡ። ጎግል ነጥቦቹን እንደማያያቸው ደጋግሞ ተናግሯል። ቢሆንም ባለ ነጥብ 40 ባለ ነጥብ 12ን ዝቅ አድርጎ ያየዋል፤ ባለ ነጥብ 12ም ራሱን ዝቅ አድርጎ ያያል። ዳኛው ያልሰጠው ውጤት ነው እንግዲህ እንዲህ የሚያኮራና የሚያሸማቅቅ።

አሁን ወደ ጽሕፈት ጠረጴዛው እንምጣ፤ ዋናው ጉድ ያለው እዚያ ነው። ባለ ድረ ገጹ ጽሑፉን ሲጽፍ ከጎኑ ቁጭ ብሎ ቀይ፣ ብርቱካናማና አረንጓዴ መብራት እያበራ የሚመክረው ፕለጊን የሚሉት ተቀጥላ ፕሮግራም አለ። ከታወቁት አንዱ ዮስት ነው። ቁልፍ ቃሉ ርዕሱ ላይ አለ? መግቢያው ላይስ? ንዑስ ርዕሱ ላይ? ሥዕሉ ሥር? ከዐረፍተ ነገሮቹ ከሩብ በላይ የሆኑት ከ20 ቃላት በልጠው እንደሆነም ቆጥሮ ያስጠነቅቃል። ምክሩ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ረጅም ዐረፍተ ነገር የሚያስጨንቀው አንባቢ በእርግጥ አለ። ክፋቱ መብራቱ ላይ ነው። ሰው ቀይ መብራት እያየ እንቅልፍ አይወስደውም። ስለዚህ መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ ጽሑፉን ያሻሽለዋል፣ ማለቴ ያበላሸዋል። ውጤቱም ይህን ይመስላል፦

«መነጽር እንዴት ይጸዳል? መነጽር እንዴት እንደሚጸዳ ማወቅ የሚፈልጉ ሰዎች ብዙ ናቸው። እርስዎም መነጽር እንዴት እንደሚጸዳ ለማወቅ ከፈለጉ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነዎት። መነጽር እንዴት እንደሚጸዳ ከማየታችን በፊት ግን መነጽር ምን እንደሆነ እንመልከት።»

አንባቢው መነጽር ምን እንደሆነ ያውቃል፤ አፍንጫው ላይ አለ። ቢሆንም ወደ ታች ይወርዳል። የመነጽር ታሪክ ይመጣል። የመነጽር ዓይነቶች ይመጣሉ። መነጽር የማጽዳት ሰባት ጥቅሞች፣ አለማጽዳት የሚያስከትላቸው አምስት ጉዳቶች፣ «ብዙ ጊዜ የሚጠየቁ ጥያቄዎች» የተባሉ፣ ማንም ጠይቋቸው የማያውቅ ጥያቄዎች ይከተላሉ። በመካከሉ ማስታወቂያ ብቅ ይላል፤ ማስታወቂያውን ለመዝጋት የምትነካው ምልክት ከጣት ጫፍ ታንሳለች፤ አንባቢው ሲስታት ሌላ ገጽ ይከፈትበታል። በስተመጨረሻ፣ ከ2,000 ቃላት በኋላ፣ መልሱ ይገኛል፦ በውኃና በለስላሳ ጨርቅ። እስከዚያ ድረስ ግን መነጽሩ እንደገና ቆሽሿል።

በአማርኛ የሚጽፈው መከራው ድርብ ነው። የፈረንጁን አንድ ነጥብ (.) እንጂ አራት ነጥብን (።) የማያውቅ መሣሪያ ከገጠመው ሙሉ ጽሑፉ እንደ አንድ ዐረፍተ ነገር ተቆጥሮ ቀይ ይበራበታል። «መነጽር» የሚለውን ቁልፍ ቃል ሰጥቶት ሲያበቃ «በመነጽሩ»፣ «መነጽራችንን»፣ «ለመነጽርም» እያለ ቢጽፍ፣ መሣሪያው ቃሉን ፈልጎ አላገኘሁትም ይለዋል። ጸሐፊው ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ ፕለጊኑን ያጠፋል፣ ወይ ሰዋስውን። ብዙ ጊዜ የምትጠፋው ሰዋስው ናት።

ጽሑፉ ወጣ እንበል። አሁን ደጅ መጥናት ይጀመራል። ባለ ድረ ገጹ የገጾቹን ዝርዝር የያዘ የጣቢያ ካርታ አዘጋጅቶ ለፍለጋ ሞተሩ ያስገባል። አንድ ካርታ እስከ 50,000 አድራሻ ይይዛል፤ የእሱ ገጾች ዘጠኝ ናቸው፤ ከዘጠኙ አንዷ «ስለ እኔ» ናት። ከዚያ ሮቦቱ እስኪመጣ ይጠባበቃል። መልስ ይመጣል፦ «ተገኝቷል፤ ለጊዜው አልተመዘገበም።» ደስ ይለዋል፤ መገኘትም ትልቅ ነገር ነው። ከርሞ ሲመለስ «ተጎብኝቷል፤ ለጊዜው አልተመዘገበም» ይላል። ይህኛው ግን ያማል። መጥተው አይተውት ሄደዋል ማለት ነው። «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል ይዞ ይጽናናል፤ ጊዜው ስንት እንደሆነ የሚነግረው የለም። ጉዳዩን የያዘው ማን እንደሆነ የሚጠይቅበት መስኮትም የለም። የሰው ባለሥልጣን ቢሆን ቢያንስ ጸሐፊዋን ሰላም ይሏት ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሮቦት ጨዋነት አንድ ነገር ልበል። ማርታይን ኮስተር የተባለ ባለሙያ በ1994 ሮቦቶች የትኛውን ገጽ እንዳይጎበኙ የሚነግር ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ሐሳብ አቀረበ። ይህ ልማድ መደበኛ ደረጃ ሆኖ የጸደቀው በ2022 ነው፤ ለ28 ዓመታት በመከባበር ብቻ ሲሠራ ኖሯል ማለት ነው። እስከ ዛሬም ልመና እንጂ መቆለፊያ አይደለም፤ ጨዋው ሮቦት አንብቦ ይመለሳል፣ ባለጌው ይገባል። በዚያች ፋይል ውስጥ አንዲት እዝባር (/) ያለ ቦታዋ ከገባች ግን ጨዋዎቹ ሁሉ ከደጅ ይመለሳሉ። ዎርድፕሬስም ቅንብሩ ውስጥ የፍለጋ ሞተሮች ገጹን እንዳይመዘግቡ የምታሳስብ አንዲት ሳጥን አለችው። ስለ ፍለጋ ሞተሩ ግፍ፣ ስለ ትልልቅ ኩባንያዎች ሴራ፣ ስለ ትንንሾች መጨቆን ሲያማርር የከረመ ሰው ሳጥኗ ላይ የራሱን ምልክት የሚያገኝበት ቀን አለ። ሳጥኗን ዝም ብሎ ያነሳታል፤ ሴራውን ግን አያነሳም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ኢሜይል አይቋረጥም። «ውድ የድረ ገጽ ባለቤት፣ ጽሑፍዎን በታላቅ አድናቆት አነበብን» ይላል፤ የትኛውን እንደሆነ አይናገርም። ቀጥሎ ድረ ገጽዎ 63 ችግሮች አሉበት ይላል። አድናቆቱና 63ቱ ችግሮች በአንድ አንቀጽ ተቃቅፈው ይኖራሉ። ገጹን በመጀመሪያ የውጤት ረድፍ ላይ እንደሚያስቀምጡለትም ቃል ይገቡለታል። ይህን የሚሉት ላኪዎች ግን ደንበኛ የሚያገኙት ሰው ፈልጎ ሲያገኛቸው ሳይሆን እነሱ ሰዉን በኢሜይል እያሳደዱ ነው። ባለ ድረ ገጹ ይህን ልብ ቢል ብዙ ገንዘብ ይተርፈው ነበር።

ፍጥነትን በተመለከተ የጎግል መለኪያ ግልጽ ነው፤ የገጹ ዋና ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ይታይ ይላል። ባለ ድረ ገጹ ለዚህ ሲል ሥዕሎቹን ያሳንሳል፣ ቅርጸ ቁምፊውን ይቀይራል፣ ግማሽ ሰከንድ ያተርፋል። ያተረፈውን ወዲያው ያውለዋል፦ የኩኪ ፈቃድ መጠየቂያ፣ «በኢሜይል እንላክልዎ?» የሚል መስኮት፣ «ማሳወቂያ ይፈልጋሉ?» የሚል ሌላ መስኮት፣ ጥግ ላይ «ምን ልርዳዎ?» እያለ የሚዘል ክብ ነገር። ገጹ በ2 ሰከንድ ይከፈታል፤ አንባቢው ጽሑፉ ጋ የሚደርሰው አራቱን ዘግቶ ሲጨርስ ነው።

እንዲህ እንዲያ ሲል ደረጃው ከፍ አለ እንበል፤ ሲፈለግ የሚገኝ ሆነ። በሜይ 2024 ደግሞ ጎግል በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ ማጠቃለያ፣ መጀመሪያ በአሜሪካ፣ በውጤቶቹ አናት ላይ ማቅረብ ጀመረ። «መነጽር እንዴት ይጸዳል?» ብሎ የጠየቀው ሰው «በውኃና በለስላሳ ጨርቅ» የሚለውን እዚያው አንብቦ ይሄዳል። የመነጽር ታሪክ የለ፣ ሰባት ጥቅም የለ። አንባቢው ተገላገለ። 2,000 ቃላት የደረደረው ሰውዬ ግን ተበሳጨ፤ እውነቱን ለመናገር ግማሽ በግማሽ አዝንለታለሁ። መልሱ የእሱ ነበርና ያዝንለታል ሰው፤ መልሱን በ1,990 ቃላት ሥር የቀበረው ግን ማን ሆነና?

እሱ በበኩሉ ለማዘን ጊዜ የለውም። በ2024 ሌላ ትንሽ ፋይል ሐሳብ ቀርቧል፤ ይህችኛዋ እንደ ቻትጂፒቲ ላሉ የቋንቋ ሞዴሎች የገጹን ይዘት አሳጥራ የምትነግር ናት። ጎግል ለፍለጋው እንደማይጠቀምባት የገለጸ ቢሆንም ፋይሏን በአንድ ጠቅታ የሚያዘጋጁ ፕለጊኖች ተሰናድተዋል፤ በትክክል መዘጋጀቷን የሚመረምሩ መሣሪያዎችም ተከትለዋል። ባለ ድረ ገጹ ፕለጊኑን ጫነ፣ ፋይሏን ከፈተ፣ እጅጌውን ሰበሰበና ሻጩን ጠየቀው፦

«ቁልፍ ቃሉን ስንት ጊዜ ላግባበት?»