27 ሰከንድ በእሳት ውስጥ፦ የግሮዣን መትረፍ «ተአምር» ብቻ ተብሎ አይታለፍ

ኖቬምበር 29 ቀን 2020 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሕሬን ላይ የፎርሙላ ዋን ውድድር ተጀምሮ የመጀመሪያው ዙር እንኳ አላለቀም ነበር። የሃስ ቡድኑ ፈረንሳዊ ሮማን ግሮዣን ከሦስተኛው መታጠፊያ ወጥቶ ወደ ቀኝ ሲሻገር፣ የኋላ ቀኝ ጎማው ከዳኒል ክቭያት የፊት ግራ ጎማ ጋር ተጋጨ። መኪናውን መቆጣጠር ያቃተው በሰዓት 241 ኪሎ ሜትር እየበረረ ሳለ ነው፤ የብረት አጥሩን ሲመታ ፍጥነቱ 192 ነበር። መኪናው ለሁለት ተቆረጠ። ሞተሩን የያዘው የኋላ ክፍል ከአጥሩ ወዲህ ቀረ፤ ሹፌሩ የተቀመጠበት የፊት ክፍል ደግሞ አጥሩን ሰንጥቆ ገባና በእሳት ተዋጠ። ከ27 ሰከንድ በኋላ ሰውየው በአንድ እግሩ ጫማ ሳይኖር ራሱን ችሎ ወጣ።

ያን ምሽት ስርጭቱን ያየ ሁሉ «ተአምር» አለ። ሠለስቱ ደቂቅን እየሰማ ላደገ ሰው ሌላ ቃል መፈለግ ይከብደዋል። ፈጣሪን ማመስገንም ተገቢ ነው። ነገር ግን ምስጋናው ጥያቄውን መዝጋት የለበትም። እነዚያ 27 ሰከንዶች አንድ በአንድ የተገዙ ናቸው፤ ብዙዎቹ የተገዙት ደግሞ ቀደም ባሉ ሹፌሮች ሞት ነው። ከዚህም በላይ በዚያ ምሽት ያልሠሩ ነገሮች ነበሩ። «ተአምር ነው» ብለን ካለፍን እነዚያን ሳናይ እንቀራለን።

ከምቱ ልጀምር። የተመዘገበው ከፍተኛ ኃይል 67 ጂ ነው። በአጭሩ፣ በዚያች ቅጽበት ሁሉም የሰውነት ክፍል ክብደቱ 67 እጥፍ ሆነ ማለት ነው። የሰው ጭንቅላት ከሄልሜቱ ጋር 6 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በ67 ሲባዛ 400 ኪሎ ይሆናል። ደረት በቀበቶ ተይዞ ይቆማል፤ ጭንቅላትን ግን የሚይዘው አንገት ብቻ ስለሆነ ወደ ፊት ይወረወራል። አንገት ይህን መሸከም ሲያቅተው የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ የራስ ቅል ወለል ነው፤ የአንጎል ግንድ የሚያልፍበት ቦታ ስለሆነ ሰውየው እዚያው ይሞታል። አሜሪካዊው የመኪና ተወዳዳሪ ዴል ኧርንሃርት በፌብሩዋሪ 2001 ዴይቶና ላይ የሞተው በዚህ ዓይነት ስብራት ነው። ሃንስ የሚባለው መሣሪያ ያኔም ነበር፤ በትከሻ ላይ ተቀምጦ በቀበቶው የሚያዝ፣ ከሄልሜቱ ጋር በሁለት ማሰሪያ የሚገናኝ የካርበን ፋይበር አንገትጌ ነው። ብዙ ሹፌሮች ግን «ይከብዳል፣ ያስጨንቃል» ብለው አይለብሱትም ነበር። ፎርሙላ ዋን ከ2003 ጀምሮ ግዴታ አደረገው። ግሮዣን አንገቱ ተርፎ ለመነሳት ማሰብ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ሃሎ ነው፤ ከሹፌሩ ጭንቅላት በላይ የሚዞረው የታይታኒየም ቀስት። በ2018 ሲመጣ «መኪናውን አስቀያሚ አደረገው» ተብሎ በጽኑ ተተችቷል፤ ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ራሱ ግሮዣን ነበር። ከአደጋው በኋላ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ሐሳቡን መቀየሩን በአደባባይ ተናገረ፤ ይህም ያስከብረዋል። ሃሎ ከ12 ቶን የማያንስ ጭነት መሸከም አለበት። ባሕሬን ላይ አጥሩ ሲሰነጠቅ፣ የብረቱን ዘንግ ከሹፌሩ ራስ ገፍቶ ያሳለፈው እሱ ነው። ሃሎ ባይኖር ኖሮ ስለ እሳቱ የምናወራበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

አሁን ወዳልሠራው እንምጣ፤ ለእኔ ዋናው ይህ ነው። አጥሩ ሦስት ዘንግ ያለው የብረት አጥር ነበር። እንዲህ ያለ አጥር ጥሩ የሚሠራው መኪና በጎኑ ተጠግቶ እየፋቀው ሲሄድ ነው፤ ያኔ መኪናውን መልሶ ወደ መንገዱ ያዞረዋል። መኪናው በአፍንጫው ቀድሞ በሰፊ ማዕዘን ሲመጣ ግን የሾለው አፍንጫ በዘንጎቹ መካከል ይገባል። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ባደረገው ምርመራ መካከለኛው ዘንግ ተበጥሶ፣ የላይኛውና የታችኛው ክፉኛ ተጣምመው ተገኝተዋል። እዚያ ቦታ መኪና በዚያ ማዕዘን ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ከአንድ ሳምንት በኋላ በዚያው ቦታ ለተደረገው ውድድር ከአጥሩ ፊት የጎማ ክምር ተደረደረ። ጎማዎቹን ለማስቀመጥ ሳምንት አልሞላም፤ ለምን እንደሚያስፈልጉ ለማወቅ ግን ሰው መቃጠል ነበረበት።

እሳቱስ ከየት መጣ? የፎርሙላ ዋን ሰልባትዮ እንደ ቤት መኪና ቆርቆሮ አይደለም፤ ኬቭላር በሚባል ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር የተጠናከረ፣ ሲመታ የሚታጠፍ እንጂ የማይቀደድ የጎማ ከረጢት ነው። በ2020 መኪናዎቹ ውድድር ሲጀምሩ 100 ኪሎ ገደማ ነዳጅ ይይዙ ነበር። ከረጢቱ ግን ቀዳዳ ያስፈልገዋል፤ አንዱ ነዳጁን ወደ ሞተር የሚያሳልፍ፣ ሌላው ለፍተሻ የሚከፈት ክዳን። ሞተሩ ሲገነጠል የነዳጁ መስመር መጋጠሚያ አብሮ ተነቀለ፤ በግራ በኩል ያለው የፍተሻ ክዳንም ከቦታው ወጣ። ነዳጁ የፈሰሰው በዋናነት በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ነው። ሞተሩ መገንጠሉ በራሱ እንደ ጉድለት አይታይም፤ መኪና ሲቆረጥ ኃይሉ ከሹፌሩ ይልቅ በብረቱ ላይ ያልቃል። ጉድለቱ መጋጠሚያው ሲነቀል ቀዳዳው ክፍት መቅረቱ ነው።

ደንቡ ሹፌር ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ በ7 ሰከንድ ከመኪናው መውጣት እንዲችል ያዛል። ግሮዣን ለምን 27 ወሰደበት? መኪናው ሲቆም በአጥሩ ተጣብቆ ነበር፤ የራስ መደገፊያው ከቦታው ተነቃንቆ መንገዱን ዘግቶታል፤ የተፈናቀለው መሪም መግፋት ነበረበት። የግራ እግሩ ደግሞ ተይዞ ነበር። ጎትቶ ሲያወጣው ጫማው እዚያው ቀረ። እንዲህ ያለ ማስለቀቅ የሚቻለው ሹፌሩ ራሱን ካልሳተ ብቻ ነው፤ እዚህ ላይ ሃንስና ሃሎ በድጋሚ ይቆጠራሉ።

በመጀመሪያው ዙር የሕክምና መኪና ከተወዳዳሪዎቹ ኋላ እንድትከተል መደረጉም ዋጋው ያን ምሽት ታየ። ከግጭቱ 11 ሰከንድ በኋላ በቦታው ነበረች። ዶክተር ኢያን ሮበርትስ ወደ እሳቱ ቀርበው፣ የዱቄት ማጥፊያ የያዘውን ሠራተኛ ሹፌሩ ወደሚወጣበት አቅጣጫ እንዲረጭ መሩት። ልብ ማለት ያለብን ይህን ነው፦ አንድ የእጅ ማጥፊያ ያን ሁሉ እሳት ሊያጠፋ አይችልም፤ ለአንድ ሰው የሚበቃ ክፍተት ለጥቂት ሰከንዶች መክፈት ግን ይችላል። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሐኪሞቹ ሹፌሩን አያጣድፉም። አከርካሪው ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ከነመቀመጫው ታስሮ ይወጣል፤ ሄልሜት ሲወልቅም አንዱ ሰው አንገቱንና አገጩን ከታች ይዞ ሌላው ቀስ ብሎ ይስባል። እሳት ሲኖር ብቻ ይህ ቅደም ተከተል ይገለበጣል። የእኛ መንገድ ላይ ግን እሳት በሌለበት ሳይቀር የወደቀን ሞተረኛ በእጅና በእግሩ አንጠልጥለን ታክሲ ውስጥ እንወረውራለን፤ ይህ መቆም አለበት።

የተቃጠሉት እጆቹ ናቸው። ኖሜክስ ከሚባል እሳት የሚቋቋም ጨርቅ የሚሠራው ቱታ በ2018ቱ መስፈርት መሠረት ሙቀት ወደ ቆዳ እስኪዘልቅ ቢያንስ 12 ሰከንድ መከላከል አለበት። ጓንት ግን ሹፌሩ መሪውን በጣቱ እንዲያዳምጥ ሲባል ስስ ይደረጋል፤ ለመውጣት ወደ እሳቱ ቀድሞ የሚዘረጋውም እጅ ነው።

የእጅ ጀርባ መቃጠል በቁጥር ሲታይ ትንሽ ነው፤ የአንድ እጅ ጀርባ ከጠቅላላው ቆዳ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ለሙያተኛ ግን ከትልልቆቹ ጉዳቶች ይመደባል፤ ቆዳው ስስ፣ ጣት የሚዘረጋው ጅማትም ከሥሩ ስለሆነ። ቁስሉ ሲድን ይኮማተራል፤ ካልተጠነቀቁ ጣቶቹ እንደ ጥፍር ቆልመም ብለው ይቀራሉ። ስለዚህ እጁ ከልብ ከፍታ በላይ ተደርጎ እብጠቱ ይቀነሳል፤ ሌሊት የእጅ አንጓው ትንሽ ወደ ኋላ፣ የጣቶቹ መነሻ አንጓ ከ70 እስከ 90 ዲግሪ ታጥፎ፣ ጣቶቹ ግን ቀጥ ብለው በመደገፊያ ይታሰራሉ። ቀን ቀን ደግሞ ቢያምም ይንቀሳቀሳል። ከዳነ በኋላ ጠባሳው እንዳያብጥ ጥብቅ የላስቲክ ጓንት በቀን እስከ 23 ሰዓት፣ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይለበሳል። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው፤ ቁስሉ ስለተዘጋ የዳነ ይመስለዋል።

የመጀመሪያው ሰዓት ደግሞ ለማንም ይሠራል፦ ለ20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ። በረዶ አይደለም፤ ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙናም አይደለም። እነዚህ ሙቀቱን አፍነው ያቆያሉ፤ ሐኪሙም ጥልቀቱን እንዳያይ ያደርጋሉ። ውኃው አደጋው ከደረሰ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ይጠቅማል።

ኦስትሪያዊውን የፎርሙላ ዋን ሹፌር ኒኪ ላውዳን ሳያነሱ ስለ ማገገም መጻፍ አይቻልም። ኦገስት 1 ቀን 1976 ኑርበርግሪንግ ላይ ፌራሪው ሲነድ ያወጡት ሌሎች ሹፌሮች ናቸው፤ ያ መንገድ 22 ኪሎ ሜትር ከግማሽ በላይ ርዝመት ስላለው እርዳታ በፍጥነት አይደርስም ነበር። ሄልሜቱ ከራሱ ወልቆ ስለነበር ፊቱ ተቃጠለ። ለሕይወቱ ይበልጥ ያሰጋው ግን ወደ ሳንባው የገባው መርዘኛ ትኩስ ጭስ ነው። ለዚህ ነው ከእሳት በወጣ ሰው ላይ ሐኪም ከቆዳው በፊት አፍንጫው ውስጥ ጥቀርሻ መኖሩን፣ ድምፁ መጎርነኑን የሚያየው፤ ጉሮሮ አብጦ ከመዘጋቱ በፊት ቱቦ መግባት አለበት። ላውዳ ከ42 ቀን በኋላ ሞንዛ ላይ ተወዳድሮ አራተኛ ወጣ። ሁላችንም ይህን እንደ ጀግንነት ስንጠቅሰው ኖረናል። ጀግንነት አይደለም አልልም፤ ግን መለኪያ መሆኑን እቃወማለሁ። ያልዳነ ቁስሉ ከሄልሜቱ ስር ይደማ ነበር። በዚያው ዓመት ጃፓን ውስጥ ፉጂ ላይ በዝናብ ከሁለት ዙር በኋላ ያቆመውም ያው ሰው ነው፤ ሻምፒዮናውን በ1 ነጥብ አጣ። ለእኔ ትልቁ ውሳኔው ያ ነው።

ግሮዣን በ2020 የቀሩትን ሁለት ውድድሮች ተወ፤ በፎርሙላ ዋንም ዳግም አልተወዳደረም። ትክክል ነበር። ከ67 ጂ በኋላ አጥንት ሳይሰበር አንጎል ሊናወጥ ይችላል፤ ራስ ምታት፣ የማተኮር ችግር፣ የእንቅልፍ መዛባት ከቀናት በኋላ ሊመጡ ይችላሉ፤ ሳይድን ሌላ ምት ከተጨመረ ጉዳቱ ይከብዳል። የአእምሮውንም ጉዳይ አልሸሸገም፤ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር እንደሚሠራ በግልጽ ተናገረ። በ2021 ወደ አሜሪካው የኢንዲካር ውድድር ሲሄድ መጀመሪያ ግድግዳ የከበባቸውን ሞላላ መንገዶች ተወ። በሜይ ኢንዲያናፖሊስ ላይ፣ ሞላላ ባልሆነው መንገድ፣ ከፊት ተነስቶ ሁለተኛ ወጣ፤ ወደ ሞላላው የገባው በኦገስት ነው። ማገገም ደረጃ በደረጃ ሲሆን እንዲህ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም። ካናዳዊው የኢንዲካር ሹፌር ሮበርት ዊከንስ ኦገስት 2018 ፖኮኖ ላይ መኪናው ተስፈንጥሮ የአጥሩን መረብ ከመታ በኋላ አከርካሪው ተጎድቶ እግሮቹን ማዘዝ አቃተው። በ2022 ወደ ውድድር የተመለሰው በእጅ በሚታዘዝ ሃዩንዳይ ነው፦ ፍሬኑ በመሪው ላይ በተገጠመ ቀለበት ይሳባል፤ ነዳጁም በእጁ ይሰጣል። በ2023 ከባልደረባው ሃሪ ጎትሳከር ጋር የምድባቸው ሻምፒዮን ሆኑ። ጎትሳከር የሚነዳው በእግሩ ነው፤ ሲቀያየሩ መኪናዋ ከእጅ ወደ ፔዳል ትዞራለች፤ በዚያው ውድድር፣ በዚያው ማቆሚያ።