ፈቃዱ ካለቀ በኋላስ?
«የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ስለሆነ የሠራተኛ እናቶች ጭንቀት ቀሏል» ይላል ይህን አስተያየት የምጽፍበት ጽሑፍ። ፈቃዱ ካለቀ በኋላስ? እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ነው የምሠራው። ጠዋት ሲደርሰኝ ልጄን እንደተኛች ጠቅልዬ ጎረቤት አደርሳታለሁ። ጡቴን የማልበው ሽንት ቤት ቆሜ ነው። የታለበውንም እደፋዋለሁ፣ ማስቀመጫ የለማ! ሞግዚት ቅጠሪ እንዳትሉኝ፤ ደመወዜ ለሷም አይበቃ። የሕፃናት ማቆያ እንዲኖር ያዘዘው አዋጅ 1064/2010 የወጣው ለመንግሥት ሠራተኞች ነበር፣ እኛን አልተመለከተም። ከላይ በአስተያየትህ «ባሏ ያግዛት» ያልከው ወንድሜ፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው። ግን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለአባት የሚሰጠው 3 ቀን ብቻ ነው። የኔውማ ገንፎ ሊበላ የመጣውን ጠያቂ ሲያስተናግድ አለቀችበት።