ጧፍ ሲበራ ከች የሚለው ምእመን ይኑርልን

በፋሲካ ሌሊት ካህናቱ ይመሰገናሉ። መዘምራኑም ይመሰገናሉ። ጧፍ ሲበራ ከች የሚለውን ምእመን ግን እስከ ዛሬ ያመሰገነው የለም። ግፍ ነው።

እስቲ አስቡት። ቅዳሜ ማታ ዳዊት ይደገማል፣ መጽሐፍ ይነበባል። እነዚያ ያከፈሉት እናቶች እህል ሳይቀምሱ በደከመ ጉልበት ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። የእኛ ሰው ለጥ ብሎ ተኝቷል። ለበዓሉ ጉልበት መቆጠብ አለበታ! ጓደኛው ከግቢው ውስጥ ሆኖ መረጃ ያቀብለዋል። "ገና ነው፣ አትምጣ።" እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ስልኩ ይጮኻል። "ሊበራ ነው፣ ድረስ!"

ይደርሳል። መኪናውን የሚያቆመው በሩ አፍ ላይ ነው። አስተናባሪዎቹ "ወንድማችን፣ መንገድ ዘጋህ እኮ" ቢሉት "ብዙ አልቆይም" ይላል። በዚህች እንኳን ሐሰት አይናገርም።

ነጠላው እንደ አዲስ ነው። በዓመት አንዴ የሚለበስ ልብስ ምን ያስረጀዋል? "ይቅርታ እናቴ፣ ይቅርታ አባቴ" እያለ ሕዝቡን ሰንጥቆ ፊት ይሰለፋል። ጧፍ አልገዛም። አጠገቡ ያሉት እናት ሁለት ይዘዋል። አንዷ አልጋ ላይ ላለች ልጃቸው ናት፣ አስባርከው ሊወስዱላት። "እማማ፣ ትርፍ አለዎት አይደል?" ይሰጡታል። በምስጋና ሰሙን ነጠላቸው ላይ ጠብ ጠብ ያደርግላቸዋል።

ካህኑ "ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን" ሲሉ "በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን!" ብሎ ከሁሉም በላይ ያስተጋባል። ይቺን ያውቃታል። "አሰሮ ለሰይጣን" ሲባል ድምፁ ወረድ ይላል። "አግዐዞ ለአዳም" ላይ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። "እምይእዜሰ" ላይ ግን ችግር የለም፣ ስልኩን አውጥቷል። ቪዲዮው ውስጥ ጧፉ አለ፣ እሱ አለ፣ መስቀል የያዙት ካህን ትከሻም በመጠኑ አለ።

ከዚያ ቅዳሴው ሊገባ ሲል ውልቅ! ደግነቱን ተመልከቱ፣ ለሌላው ቦታ መልቀቁ ነው። ዋናው ቅዳሴው ነው የሚሉ አሉ። ጾም የሚፈታው ከቅዳሴ በኋላ፣ ወደ 9 ሰዓት ሌሊት ገደማ ነው የሚሉም አሉ። የቆየ ሰው ብዙ ያወራል። ከሁዳዴ 55 ቀናት ስንቱን ጾመ ብለን አንጠይቀውም፣ ነውር ነው። "ዶሮ ሳይጮህማ አይፈታም" ቢሉትም መልስ አለው። ዶሮው ድስት ውስጥ ነው፣ ከየት አምጥቶ ይጮኻል?

ቅዳሴው ሲጋመስ እሱ ሁለተኛውን እንቁላል ጨርሷል። ፎቶውም ተለጥፏል፤ "ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን፣ ክብር ለእግዚአብሔር" ይላል። ጓደኞቹ "አንተ እኮ ጠንካራ ነህ" ብለው ጽፈውለታል።

ረፋዱ ላይ ጎረቤቱን እትዬን በር ላይ ያገኛቸዋል። አክፍለው፣ አስቀድሰው፣ ሌሊቱን በእግራቸው የተመለሱ ሴት ናቸው። ዓይናቸው በእንቅልፍ አብጧል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ከልቡ አዝኖ ይጠይቃቸዋል።

"እንኳን አደረሰዎት እትዬ። ሌሊት ባይ ባይ አጣሁዎት፣ ምነው ቀሩ?"