ቀዳዳ አልተገኘም ማለት አልፈሰሰም ማለት አይደለም
እዚህ ሐዋሳ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ስለነበረው የቤንዚን ታንከር «ሲወጣ ቀዳዳ ስላልተገኘበት አፈሩ ንጹሕ ነው» የሚለው ድምዳሜ አልተዋጠልኝም። ቤንዚን ብዙ ጊዜ የሚያንጠባጥበው ከቧንቧ መጋጠሚያና ከመሙያው አፍ ሥር ነው። ሐዋሳ ውስጥ ጉድጓድ ስቆፍር ዓመታት አልፈዋል፤ ወደ ሐይቁ በተጠጋን ቁጥር ውኃው ቶሎ ይገኛል፣ አፈሩም ፈሳሽ የማይዝ የእሳተ ገሞራ አሸዋ ነው። «የጉድጓዱ ውኃ ስለማይሸት አልተበከለም» ለሚሉም፦ ቤንዚኑ ውኃው ላይ ቢንሳፈፍም፣ በውስጡ ያለው ቤንዜን የተባለ ካንሰር አምጪ ኬሚካል ሟሙቶ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የቤንዜን ወሰን በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው፤ ይህን አፍንጫ አይለየውም፣ ላቦራቶሪ እንጂ። ናሙናው ከታንከሩ ሥርና ከውኃው ይወሰድ። አንድ የመመርመሪያ ጉድጓድ ደግሞ የከርሰ ምድር ውኃው ወዴት እንደሚሄድ አይናገርም፤ ቢያንስ 3 ያስፈልጋል። ሐይቃችን መውጫ ወንዝ የለውም፣ የገባበትን ጠርጎ የሚወስድለት ወንዝ የለም።