የተሰበረውን ብረት ማን ጣሉት አላችሁ?

ኧረ በናታችሁ አንድ ሰው ይስማኝ። እጄ ገና ግራሶ ነው፣ ስልኩም ተለውሷል፣ ግድ የለኝም።

ያው ፒካፕ መኪናዬ ነው፤ ካምፐሩን (ከኋላ የሚጫነውን የመኝታ ቤት) የተሸከመው። የግራ የኋላው ዋና ባሌስትራ (አክስሉ ላይ ሆኖ ጭነቱን የሚሸከመው የሚታጠፍ ብረት) ተሰብሮ ጋራዥ ገባ። እኔ ስደርስ አዲሱ ታስሯል፣ ጎማው ገብቷል፣ መካኒኩ እጁን እየጠረገ ነው።

«የወጣው የታል?» አልኩት።

«የቱ?»

«የተሰበረው።»

«ምን ሊያደርግልህ? ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው ነው?»

«የት ጋ እንደተሰበረ ላየው ነው።»

«ባሌስትራ የት ይሰበራል? ባሌስትራው ላይ ነዋ!»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። አንዱማ መፍቻው ከእጁ ወደቀ። እኔ ደግሞ ተንበርክኬ የውድቅዳቂ ብረት ክምር ስበረብር። እሺ፣ ያስቃል፣ እኔም ቆሜ ባይ ኖሮ እስቅ ነበር። ግን አገኘሁት! ሁለቱንም ቁራጭ።

የት ጋ መሰላችሁ? መሃል ለመሃል። በመሃል ብሎኑ ቀዳዳ በኩል፣ ዩ-ቦልቶቹ (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ጨምቀው የሚያስሩት ጎባጣ ብሎኖች) በሚያቅፉት ቦታ ውስጥ። የስብራቱ ፊት ደግሞ ግማሹ ዝጎ ጠቁሯል፣ ግማሹ ሻካራና የሚያብለጨልጭ አዲስ ብረት ነው። የጠቆረው ስንጥቁ ቀስ በቀስ ሲበላው የከረመ ነው፤ የሚያብለጨልጨው የመጨረሻዋ ጉድጓድ ሥራ። ይሄን ነው እንግዲህ አንስቶ የወረወረው።

«ጭነት በዝቶበት ነው» ይለኛል። አይደለም! ጭነት የሰበረው ባሌስትራ ብዙውን ጊዜ ከዩ-ቦልቱ ጠርዝ ወዲያ ነው የሚሄደው፤ መታጠፉ የሚበረታው እዚያ ስለሆነ። ጫፉ ላይ፣ ፒኑ የሚገባበት ቀለበት አጠገብ ከተሰበረ ደግሞ ፒኑ ዝጎ ተጣብቋል ወይም የኋላው ማንጠልጠያ እንደልቡ አይወዛወዝም ማለት ነው፤ እዚያ ነው መፈለግ ያለብህ። ቀዳዳው ላይ ሲሰበር ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው የላላ ዩ-ቦልት ነው። ዩ-ቦልቱ በደንብ ሲጨምቅ መሃሉ አይታጠፍም፣ ቀዳዳውም አይጨነቅም። ሲላላ መታጠፉ ወደ ውስጥ ይገባና ቀዳዳውን ያገኘዋል። ብረቱ የተበሳው ደግሞ እዚያ ነው፤ ሌላ የት ይሂድ?

እና አሁን ምን አስሮበታል? እነዚያኑ አሮጌ ዩ-ቦልቶች! እነዚያኑ! በአየር መፍቻ ጥርርርር አድርጎ። ዩ-ቦልት ሲጠብቅ ይለጠጣል፣ ጥርሱም ይጎዳል፤ ተፈትቶ ተመልሶ ሲታሰር እንደ መጀመሪያው አይጨምቅም። አዲስ ይገባል፣ ከአዲስ ዳዶና ከጠንካራ ሮንዴላ ጋር፤ አክስሉ ላይ ያለው መቀመጫ ከዝገትና ከወፍራም ቀለም ይጸዳል (ቀለሙ ከሥር ሲደቅ ጭመቃው ይላላል)፤ አራቱ ዳዶዎች በመስቀል ተራ፣ በደረጃ በደረጃ፣ የመኪናው መጽሐፍ በሚለው ልክ በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው) ይጠብቃሉ። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይታያል፣ ከዚያ 800 አካባቢ ሌላ ጊዜ። ይሄ ምኑ ይከብዳል?

የመሃል ብሎኗማ ምስኪን ናት። ባሌስትራዎቹን ሰብስባ አክስሉ ላይ ቦታቸውን ታሳያለች እንጂ የፍሬን ኃይል እንድትሸከም አልተሠራችም። ዩ-ቦልቱ ሲላላ ሁሉም ነገር እሷ ላይ ይወድቅና ትቆረጣለች፤ አክስሉ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ መኪናው በጎኑ እንደሚሄድ ውሻ ጠማማ ይሄዳል። ከዚያ «መሪው ይስባል» ብለው ወደ ጎማ አላይመንት ይልኩሃል። አንድ የመለኪያ ሜትር ብቻ ነው የሚያስፈልገው! ከፊተኛው የባሌስትራ ፒን መሃል እስከ አክስሉ መሃል በግራም በቀኝም ለካ፤ ከተለያየ አገኘኸው። ሁለት ደቂቃ።

ሰውዬው ግን ሜትር የለውም። ያለው እግር ነው፤ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርግና «አሞርዛተር» ይላል። ባለፈው ኋላው ዝቅ አለ ሲባልም አሞርዛተር አስቀየረ። አሞርዛተር ጭነት አይሸከምም ወንድሜ! እንቅስቃሴውን ነው የሚያረግበው። ዝቅ ያለ መኪና አሞርዛተር ሲቀየርለት ዝቅ እንዳለ ይቀራል፣ ያውም በአዲስ አሞርዛተር። መሞቱን ማወቅ ከፈለግህ ረባሽ መንገድ ነድተህ ስትቆም በእጅህ ጠጋ በል፤ የሚሠራው ይሞቃል፣ የሞተው ከጓደኞቹ ይቀዘቅዛል። ከላዩ ዘይት የሚወርድ ከሆነ ደግሞ መጠየቅም አያስፈልግም።

«ሚዛን ወጥቷል?» ብዬ ስጠይቅ ያየኝ አስተያየት! ካምፐር ላይ የተጻፈው ክብደት እኮ ብዙውን ጊዜ የባዶው ነው። 1200 ኪሎ ይላል እንበል፤ 150 ሊትር ውኃ 150 ኪሎ ነው፣ ጋዙ፣ ባትሪው፣ ከላይ የተሰካው ድንኳን፣ እቃው፣ ሁለት ሰው፤ ሳታስበው 1500ን ታልፋለህ። ውኃውም ሰውም ሞልቶ፣ የኋላው አክስል ብቻውን ሚዛን ላይ ይቆማል፤ ቁጥሩ በር ምሰሶው ላይ ከተለጠፈው የአክስል ልክ ጋር ይነጻጸራል። አለፈ? እንግዲያው ብረት ብትቀይር ባትቀይር ለውጥ የለውም፣ እቃ ነው የሚወርደው። የካምፐሩ የክብደት መሃልም ከኋላው አክስል ፊት መሆን አለበት፤ ወደ ኋላ ካለፈ መሪው ይቀላል፣ የፊት መብራቱ ሰማይ ሰማይ ያያል።

«አንድ ጎን አዘመመ» ለሚሉትም፦ ከመሬት አትለኩ፣ ጎማ ያታልላል። ከጎማው መሃል በላዩ እስካለው የመከላከያ ጠርዝ ለኩ፣ በሁለቱም በኩል፣ ሜዳ ላይ። ከዚያ ካምፐሩን አውርዳችሁ ድገሙት። ባዶውንም ካዘመመ ባሌስትራው ነው፤ ሲወርድ ከተስተካከለ የውኃ ጋኑና ፍሪጁ አንድ ወገን ተቀምጠው ነው።

ደግሞ ያ የአየር ባሌስትራ (በአየር የሚነፋ ከረጢት) ፋሽን! ነፍተህ ደረጃውን ታስተካክላለህ፣ መኪናው ያምራል፣ የአክስሉ ልክ ግን አንድ ኪሎ አልጨመረም። ሁለቱን ከረጢት በአንድ ቱቦ ያገናኘ ሰው ደግሞ ኩርባ ላይ ያየዋል፦ ከተጫነው ጎን አየሩ ወደ ቀላሉ ይሸሻል፣ ካምፐሩም ተደፋ። ለየብቻ ቱቦ! ማፍሰሱንም በሳሙና ውኃ ፈትሹ እንጂ በጆሮ አይሆንም።

ስለ ድምፁ አላወራኋችሁም፣ እሱም አለ። «ቋ ቋ» ሲል ደህናው ጎሚኒ (የመገጣጠሚያ ላስቲክ) ሁሉ ተቀየረ። ከዚያ የካምፐሩ ማሰሪያ ላልቶ ሆኖ ተገኘ፤ ካምፐሩ ራሱ ሲነቃነቅ ነበር ሻንሲውን የሚደልቀው። መጀመሪያ ማሰሪያውን! ጎሚኒም ሲታሰር መኪናው ተንጠልጥሎ አይጠብቅም፣ በጎማው ቆሞ እንጂ። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ላስቲኩ ሲወርድ ተጠማዞ ይቀራል፣ በወሩ ይቀደዳል፤ ከዚያ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይባላል። የዕቃውን ስም አጠፉት።

ከሁሉ የናደኝን ላምጣ? «ሌላ ቀን ቢሰበር በብየዳ እናያይዘዋለን» አለኝ። ባሌስትራ! ተሞቆ ተነክሮ የጠነከረ ብረት! ብየዳው ጥንካሬውን ይገድለዋል፣ ከስፌቱ አጠገብ ይሰበራል፣ ያውም ካምፐር ተሸክሞ ቁልቁለት ላይ። ዝም አልኩ። ምን ልበል?

«ዩ-ቦልቱ ይፈታና አዲስ ይግባ» ብዬ ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቅሁት። «ሲላላ ትመጣለህ» አለኝ፣ በትህትና።

እሺ። ነገ ከሥር ገብቼ በየዳዶውና በየጥርሱ ላይ አንዳንድ መስመር ነጭ ቀለም እሰምራለሁ፤ መስመሩ ከተሰበረ ዞሯል ማለት ነው። በመያዣዎቹ ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት የሚተፋ ብሎን ካየሁም ያ እየተንቀሳቀሰ ነው። አዲስ ዩ-ቦልት ራሴ አዝዣለሁ። እስኪመጣ ካምፐሩ ወርዶ ይቆማል።

ቁራጮቹን ከወንበሩ ሥር አስቀምጫቸዋለሁ። ሲነዳ እርስ በርስ ይንኳኳሉ። ይሄን ሰምቶ ደግሞ «አሞርዛተርህ ሄዷል» የሚለኝ ሰው አይጠፋም።